ወይዘሮ ሙዋላ እና ለመሄድ የተነሡት ጀርመኖች

ሙዋላ ቴዝጃን የስልክ ጨዋታ አሳታሚ ድርጅት ከመምራቷ በፊት ግማሽ ዕድሜዋን ዋፈር ብስኩት ለየሱቁ ስትሸጥ ኖራለች። ከእስኪሼሂር እስከ ቫን ባለው የቱርክ መንገድ የማያውቃት ባለሱቅ አልነበረም። ከዚያ ሥራ ይዛ የወጣችው የጉልበት ሕመምና አንድ ጽኑ እምነት ነው። በር ላይ ቆሞ «አልፈልግም» የሚል ሰው የእውነቱን ነው፤ ወንበር ስቦ፣ ሻይ አዝዞ «አልፈልግም» የሚል ሰው ግን «ለምኚኝ» ማለቱ ነው። በዚህ እምነት ብዙ ካርቶን ሸጣለች። በዚሁ እምነት ጀርመን ገብታ የመሪነት ወንበሯን ልታጣ ጥቂት ቀርቷት ነበር።

ወደ ጨዋታ ያስገባት የወንድሟ ልጅ ቱሩል ነው። ቱሩል ኢስታንቡል፣ ካድኮይ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የድመት ሐኪም ቤት በላይ በተከራያት ክፍል ተቀምጦ ኦኬይን በስልክ የሚያጫውት መተግበሪያ ሠራ። በየሻይ ቤቱ አራት ሰው ከቦ ባለቁጥር ጠጠሮችን የሚያዛምድበትን ያንኑ ኦኬይ። ጨዋታው እንከን አልነበረበትም፤ የሚጫወተው ሰው ግን አልነበረም። አክስቱን ጠርቶ አሳያት። ሙዋላ መነጽሯን አድርጋ ጥቂት አየችና ስልኩን መለሰችለት።

«የማን ቤት ነው?» አለችው።

«የምን ቤት?»

«አራት ሰው ተቀምጧል። ማነው የጠራቸው? ማነው ሻይ የሚያቀርብላቸው?»

«አክስቴ፣ የስልክ ጨዋታ እኮ ነው።»

«ይሁና! ባለቤት በሌለበት ቤት ሰው ምን ሊያደርግ ይገባል? ሊሰርቅ?»

በሳምንቱ ሽኩፌ ተይዜን ይዛ መጣች። ሽኩፌ ተይዜ ኩዝጉንጁክ የሚባለው ሰፈር ሰው ናቸው፤ «ተይዜ» በዚያ አገር «አክስቴ» እንደማለት፣ ባልቴት የሚከበርበት መጠሪያ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸው ከእንግዳ ተለይቶ አያውቅም፤ ባላቸው በሕይወት ሳሉም ተለይቶ አያውቅም ነበር። ድምፃቸው ጎርናና ነው፤ ሲያባብሉም ሲቆጡም ያው ነው። ቱሩል ማይክሮፎኑን ሲደቅንላቸው መጀመሪያ የተቀዳው ቃል «ይሄ ልጅ ምሳ በልቷል?» የሚል ሲሆን፣ እስከ ዛሬም በጨዋታው ውስጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ወደ ጨዋታው የሚገባ ሁሉ በራፍ ላይ ሽኩፌ ተይዜ ይቀበሉት ጀመር። የተሸነፈውን ያጽናናሉ፤ ያሸነፈውን «በል አትንጠራራ» ይሉታል። መውጫውን የነካ ሰው «ወዴት ነው? ሻዩ አሁን ተቀዳ!» ይባላል። ደግሞ ቢነካ «ቦሬኩ ምድጃ ውስጥ ነው፣ ሳትቀምስ?» ይባላል፤ አይብ የተሞላውን የሊጥ ጥቅል ማለታቸው ነው። ሦስተኛ ቢነካ «በሞቴ፣ አንድ ዙር ብቻ!» ይመጣል። ቱሩል አንድ ልመና በጨመረ ቁጥር ሰው በጨዋታው ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ሲረዝም አየ፤ ስለዚህ ጨመረ። ሙዋላም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወደ ላይ የሚወጣ መስመር እያየች ፈቀደች። ሕዝቡ ወደደው። የእንጀራ እናት ያሳደገችው አንድ የትራብዞን ሰው «እንደዚህ ‘አትሂድ’ ብሎኝ የሚያውቅ የለም» ብሎ ጻፈ፤ ጽሑፉን አትመው ወጥ ቤቱ በር ላይ ለጠፉት።

ድርጅቱ ኮምሹ ይባላል፤ ጎረቤት ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ የሌሎች ሰዎችንም ጨዋታ ያሳትም ጀመር፤ የዓሣ አለ፣ የእርሻ አለ፣ የፀጉር ቤት አለ። ሁሉንም እንጀራ የሚያበሉት ግን ሽኩፌ ተይዜ ነበሩ። ሌቨንት ወዳለ መስታወታም ሕንፃ ተዛወሩ። አምስተርዳም የተቀመጠ ባለሀብት ድርጅት ገባና ድርሻ ገዛ፤ ከገባም በኋላ «ዓለምን እንያዝ» አለ።

ሙዋላ ከጀርመን ለመጀመር ወሰነች። ድምፁ የሽኩፌ ተይዜ እንዲሆን፣ ከሥሩ በጀርመንኛ ጽሑፍ እንዲሄድ ተደረገ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ ጀርመን አረንጓዴ ተቀባች። ኦስትሪያ ተከተለች፤ ቤልጂየምም እንዲሁ። ቢሮው በሙሉ ባቅላቫ በላ።

ባቅላቫው ሳያልቅ ሄስተር ከአምስተርዳም መጣች። ሄስተር የባለሀብቱ ወኪል ናት፤ ረጅም፣ ውሃዋን በራሷ ዕቃ ይዛ የምትዞር ሴት። ትሪው ሲቀርብላት አንድ ፍሬ አንሥታ «አመሰግናለሁ፣ በቃኝ» አለች፤ እውነትም በቃት። ትሪውን የያዘችው ልጅ የተሰደበች ያህል ቀልታ ተመለሰች።

ሄስተር ካርታውን ለረጅም ጊዜ አየች።

«በጀርመን አዘውትረው የሚጫወቱትን ሰዎች ስም ያንብቡልኝ» አለች።

ቱሩል በኩራት ጀመረ። «ሁሴን፣ ዶርትሙንድ። ጉልሱም፣ ኮሎኝ። ሐጂ ባይራም፣ ሽቱትጋርት። ሳትልሚሽ፣ ዱይስቡርግ። ሌላዋ ጉልሱም፣ እሷም ኮሎኝ…»

እየወረደ ሲሄድ ድምፁ ቀነሰ። ድንገት ግን «ሽቴፋን!» ብሎ ጮኸ። «ሽቴፋን፣ ማንሃይም!»

ሰው አጨበጨበ። ሄስተር የሽቴፋንን ፎቶ እንዲያወጡላት ጠየቀች። ወጣ። ሽቴፋን በሠርጉ ቀን ነው፤ ከጎኑ ሙሽራዪቱ፣ ከኋላው ባለ ትልልቅ ጢም አማቱ፣ በሙሽራው ደረት ላይ በቱርክ ወግ እስከ እምብርቱ የተሰካ የሽልማት ገንዘብና ወርቅ።

«አማች ነው» አለች ሙዋላ ቀስ ብላ።

«ዓለምን አልያዛችሁም» አለች ሄስተር። «ዘመድ ጥየቃ ነው የሄዳችሁት።»

በክፋት አልተናገረችውም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ቀጥላም የመጣችበትን ነገር ሳትሸፍን አስረዳች። ቦርዱ እስከ መኸር ድረስ ይጠብቃል። እስከዚያ እውነተኛ ጀርመኖች ገብተው ካልጸኑ፣ የሙዋላን ወንበር የሚረከብ ሰው በርሊን ላይ ተገኝቷል።

የበርሊኑን ሰውዬ ፎቶ ቱሩል በዚያው ቀን ፈልጎ አገኘው። እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ቆሟል፤ ሸሚዙ ያለ ክራቫት፣ ፈገግታው ያለ ጥርስ ነው።

«ይሄ ሰው ሻይ ይጠጣል ብለሽ ታስቢያለሽ?» አላት።

«የሱን ተወው፤ ጀርመኖቹን አምጣልኝ» አለች ሙዋላ።

ጀርመኖቹ መጡ። ማስታወቂያው በጀርመን የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ላይ ወጣ፤ ከአየር ሁኔታ ጋር የቀረበን ነገር ያምናሉ ተብሎ ነበርና። ታመነም። ሆልገር፣ አነግሬት፣ ዲትማር የሚባሉ ስሞች በየጠረጴዛው ተቀመጡ። ሐሳባቸው ጥቂት ተጫውተው ለመነሣት ነበር። ያኔ ደብዳቤው መምጣት ጀመረ።

ደብዳቤዎቹ ጨዋ ነበሩ፤ አንቀጾቻቸውም ቁጥር ነበራቸው። ብሬመን የሚኖረው ሆልገር ሉትማን እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ለሴትዮዋ ሥራ የምገባበትን ሰዓት አሳውቄያታለሁ። በምላሹ ቦሬክ እንዳለ ነገረችኝ። ቦሬኩን አላየሁትም። ሥራ ግን አረፈድኩ።» አነግሬት የምትባል ጡረተኛ አስተማሪ ስልኳን መሳቢያ ውስጥ ከታ ብትዘጋ «ተቀየምሽኝ እንዴ?» የሚል ድምፅ ከመሳቢያው እንደወጣ ገለጸች። ካስል ከተማ ያለ አንድ ሰው ከጨዋታው እንዲሰናበት የሚጠይቅ የሐኪም ማስረጃ አያይዞ ላከ። ሌላው የጠየቀው ስለ ጤና ነበር፤ «ሴትዮዋ በየዙሩ በሞቷ ትምላለች፤ የሚንከባከባት ዘመድ አላት ወይ?» ይላል።

ቱሩል የሆልገርን ደብዳቤ ለአክስቱ አነበበላት። ሦስት ገጽ ነበር።

«ሦስት ገጽ?» አለች ሙዋላ፤ ዓይኗ በራ። «የማይፈልግ ሰው ሦስት ገጽ ይጽፋል? ወንበር ስቦ ተቀምጧል እኮ!»

«አክስቴ፣ ሰውዬው ተናዷል።»

«የኤርዚንጃኑ ባለሱቅ ጀማልም ይናደድ ነበር። ሲናደድ ነበር ብዙ የሚገዛኝ። ለጀርመን ሁለት ልመና ጨምር።»

ቱሩል ጨመረ። ከዚያ በኋላ ጀርመኖቹ ደብዳቤ መጻፍ ተዉ። ሙዋላ ተረጋግተዋል ብላ ደስ አላት። ለእነ ሙዋላ ነገሩ የገባቸው ቀስ ብሎ ነው፤ ጀርመኖቹ መተግበሪያውን ከስልካቸው እየሰረዙ ነበር። ከጨዋታው ለመውጣት የቀራቸው መንገድ ያ ብቻ ነበር።

ወዲያው ሄስተር አጭር መልእክት ላከች። እሑድ ለጥቂት ሰዓት ኢስታንቡል ታልፋለች፤ ከሰዓት በረራ አላት። ቢሮ መምጣት አትፈልግም። «ሰው ማምለጥ ያቃተውን ድምፅ ባለቤት ማየት እፈልጋለሁ» ይላል መልእክቱ።

ሙዋላ ቅዳሜ ኩዝጉንጁክ ወርዳ ሽኩፌ ተይዜን ለመነቻቸው።

«ነገ የምትመጣው ሴትዮ ወንበሬን በእጇ የያዘች ናት። እባክዎ፣ ምግቡን አንዴ ካቀረቡ በኋላ ዝም ይበሉ።»

«ዝም ብዬ ምን ልበላት?»

«ምንም።»

«እንግዳ ቤቴ መጥታ፣ ምንም?»

«እነሱ አንዴ ‘በቃኝ’ ካሉ በቃቸው ነው፣ ተይዜ።»

«ውይ፣ ማን ነው ያሳደጋቸው?» አሉ ሽኩፌ ተይዜ፣ ከልባቸው አዝነው።

እሑድ ጠረጴዛው ሞላ። አይቡ፣ ወይራው፣ ማርና ካይማክ የሚሉት ወፍራም የወተት ቅባት፣ በቲማቲም የተጠበሰው እንቁላል፣ ቦሬኩ። ሽኩፌ ተይዜ እንግዳቸውን ሳሙ፣ አስቀመጡ፣ ሻይ ቀዱ፤ ከዚያም ቃላቸውን ጠብቀው ዝም አሉ። እጃቸውን ሽርጣቸው ሥር ደብቀው የሄስተርን ሳህን የመኪና አደጋ እንደሚያይ ሰው ይመለከቱት ጀመር። ሄስተር ስሚት ከሚባለው ባለ ሰሊጥ ቀለበት ዳቦ ግማሹንና ሁለት ወይራ በልታ ሹካዋን አስቀመጠች። ቱሩል ሲያላምጥ ይሰማል።

«ምንድነው የሚያዩት?» ስትል ሄስተር ሙዋላን ጠየቀቻት።

«ምንም አይደለም።»

«ሳህኔን ነው የሚያዩት።»

ሽኩፌ ተይዜ ፊታቸውን ወደ ሙዋላ አዞሩ። «ለሷ አልተናገርኩም። ቃሌ ቃል ነው። ላንቺ ነው የምናገረው፤ ያቺ ልጅ ቦሬኩን አልነካችውም።»

ሙዋላ ተረጎመች። ሄስተር ቁራሽ አንሥታ ቀመሰች፤ ቆም አለች፤ ሳይለምኗት ሌላ ደገመች። ሽኩፌ ተይዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ተነፈሱ። ከዚያ በኋላ ወጉ ቀለለ። ሄስተር ስለ ቀረጻው ጠየቀች፤ ሽኩፌ ተይዜ ስለ እናቷ ጠየቁ። እናቷ ብቻዋን እንደምትኖርና በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ እንደምትጠይቃት ስትነግራቸው «በየወሩ» የሚለውን ሙዋላ «በየሳምንቱ» ብላ ተረጎመችላቸው፤ ለአሮጊቷ ልብ አስባ ነው።

ከዚያ ሄስተር ሰዓቷን አየች።

«መሄድ አለብኝ» አለች።

ሽኩፌ ተይዜ ትርጉም አላስፈለጋቸውም። ሰዓቱን የማየት ነገር በሁሉም አገር አንድ ነው። እስከዚያ ድረስ የያዙት ቃልም እዚያው አለቀ።

«ወዴት ነው? ሻዩ አሁን ተቀዳ!»

በስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ ራሱ ነበር። ሄስተር ደነገጠች። «አመሰግናለሁ፤ በረራ አለብኝ» አለች።

«አውሮፕላኑን የሚነዳው ሰው አይደል? ይጠብቃታል በያት።»

«አይችልም። አመሰግናለሁ።»

«በሞቴ፣ አንድ ብርጭቆ ብቻ!»

ሄስተር ተነሥታ ቆመች። «አይሆንም» አለች። «ሦስት ጊዜ ተናገርኩ። አሁን እሄዳለሁ።»

ሙዋላ መተርጎሙን ተወችው። ቱሩል ሻዩ ውስጥ የወደቀ ነገር እንደሚፈልግ ሰው አቀርቅሯል። ሙዋላ የበርሊኑ ሰውዬ እጁን አጣጥፎ ወንበሯ ላይ ተደላድሎ ሲቀመጥ ታያት።

ሽኩፌ ተይዜ ግን ከሁሉ ቀድመው ተነሡ።

«ምን ተገትራችኋል? እንግዳ ተነሥታለች እኮ! ቱሩል፣ ታክሲ ጥራ። ሙዋላ፣ ያን ጨርቅ አቀብዪኝ።»

ፊታቸው ላይ ቅያሜ የሚባል አልነበረም። የተረፈውን ቦሬክ ባንድ አፍታ ጠቀለሉ። በር ድረስ ሄዱ፤ ወገባቸውን ይዘው እያቃሰቱ ጎንበስ አሉና የሄስተርን ጫማ አፍንጫው ወደ ውጭ እንዲያይ አዞሩት።

«አልተቀየሙም?» ስትል ሙዋላ በሹክሹክታ ጠየቀቻቸው።

«ለምን እቀየማለሁ?»

«እምቢ አለችዎት።»

«ሦስት ጊዜ እምቢ አለች፤ ጥሩ አድርጋ። የመጀመሪያው ዓይን አፋርነት ነው፣ ሁለተኛው ጨዋነት ነው፣ ሦስተኛው መንገድ ነው። ከሦስተኛው በኋላ ሰው የሚይዝ ባለቤት አይባልም፤ ዘበኛ ነው።» ቀና አሉና ቱሩልን አዩት። «በዚያ ስልክህ ውስጥስ እንዲህ አይደል የማደርገው?»

ቱሩል ታክሲውን በመስኮት ይፈልግ ጀመር።

«አንተን እኮ ነው! ሙሉ ከሰዓት አይደል እንዴ ያስለፈለፍከኝ? ‘እንደ ውሃ ሂዱ፣ እንደ ውሃ ተመለሱ’፤ የጫማው፣ የስንቁ… የት አለ?»

«ቆረጥነው፣ ተይዜ።»

«ለምን?»

«የሚሄድ ሰው… ከወጣ በኋላ ተጫዋች አይደለም። ለማን እናሰማዋለን ብለን ነው።»

«ታዲያ ስንት ጊዜ ነው የምለምነው?»

ቱሩል አክስቱን አየ። ሙዋላ መለሰች፦ «እስኪታክታቸው።»

ሽኩፌ ተይዜ ጫማ ማድረጊያው አግዳሚ ላይ ዝርፍጥ አሉ። «በኔ ድምፅ?» አሉ።

ሄስተር አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከታ ቆማለች። «ምንድነው የምትባባሉት?» አለች።

«እየተሰናበቱዎት ነው» ማለት ይቻል ነበር። ዋፈር ሸጦ ለኖረ ሰው ይህች ቀላል ናት። ሙዋላ አፏን ከፈተች፤ አሮጊቷን አየች፤ ከዚያ ሁሉንም ተረጎመች። የሦስቱን እምቢታ ነገር፣ የዘበኛውን፣ ሽኝቱ ተቀርጾ እንደነበረና እንደተቆረጠ፣ ይቆረጥ ያለችውም ራሷ ሙዋላ እንደሆነች።

ሄስተር እስከ መጨረሻው ሰማች። ሁለተኛውን ጫማ ስታጠልቅ ቆም አለች።

«ጫማዬን ማነው ያዞረው?»

«እሳቸው።»

«ለምን?»

«መሄዱ እንዲቀልዎት።»

ሄስተር ጫማዋን አጥልቃ ጨረሰች። ጥቅሏን ይዛ ወረደች። ሽኩፌ ተይዜ በአገራቸው ወግ መንገዱ እንደ ውሃ እንዲቀልላት ከታክሲው ኋላ ውሃ ደፉ፤ ግማሹ መንገዱ ላይ፣ ግማሹ ቱሩል ሱሪ ላይ ፈሰሰ። ለቱሩል ይገባው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሙዋላ ሽኝቱ እንዲመለስ አዘዘች። ለጀርመኖች ልመናው አንድ ብቻ ይሁን የሚል ሐሳብም ነበራት። ሽኩፌ ተይዜ በስልክ አሻፈረኝ አሉ።

«በፓስፖርት የሚለያይ ጠባይ የለኝም። ለሁሉም ሦስት። ከሦስት አላሳልፍም፣ ከሦስትም አላጎድልም።»

ስለዚህ ሦስት ሆነ። ከሦስተኛው በኋላ ሽኩፌ ተይዜ ይነሣሉ፣ ጫማ ያዞራሉ፣ ለነገ የሚሆን ስንቅ ይጠቀልላሉ፣ ውሃ ይደፋሉ፤ በሩም ይከፈታል። ቱሩል ለጀርመኖቹ ብቻ አንድ ነገር ጨመረ፤ የጨዋታው ደንብ በሚነበብበት ገጽ ላይ «የቤቱ ባለቤት እንግዳን ሦስት ጊዜ ትለምናለች፤ ሦስተኛው የመጨረሻው ነው» የሚል አንቀጽ ከነቁጥሩ አስገባ።

ከብሬመን ደብዳቤ መጣ። ይህኛው አጭር ነበር። «አሠራሩ አስቀድሞ ከታወቀ ተቃውሞ የለኝም» ይላል ሆልገር ሉትማን። በማግስቱ ሥራ ከወጣ በኋላ ገባ፤ ሦስቴ ተለመነ፤ ተሸኘ። በሌላው ቀን በዚያችው ደቂቃ ተመለሰ። እውነተኛ ጀርመን እንደሆነ የታወቀው ያኔ ነው፤ ሁሴን በዚያው ደቂቃ ተመልሶ አያውቅም።

ይሁንና ግድግዳው ላይ ያለው መስመር ወደቀ። ሰው በሩ ሲከፈትለት ይወጣል፤ በጨዋታው የሚቆይበት ጊዜ በየሳምንቱ አጠረ። ከሥሩ ያለው ሌላ መስመር፣ ወጥተው የተመለሱትን የሚቆጥረው፣ ደረጃ እንደሚወጣ አዛውንት ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ እሱን ግን ማንም ዞር ብሎ አያይም። ቱሩል ሰሌዳውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው።

የቦርዱ ስብሰባ ቀን ሙዋላ መስታወት ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ሄስተርና ሌሎቹ በስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። ውጭ ያሉት ሠራተኞች ምንም አይሰሙም፤ የሚያዩት ጀርባዋን ብቻ ነው።

«አቀረቀረች» አለች የሒሳብ ሠራተኛዋ ኔቪን።

«ወረቀት እያየች ይሆናል» አለ ቱሩል።

«ግንባሯን ያዘች! አለቀላት። ኧረ አብላዬ፣ ታላቅ እህቴ!»

ክፍሉ ውስጥ ቦርዱን የሚመራው ሽማግሌ «ሰው የሚቆይበት ጊዜ በግማሽ ወርዷል። በምን ምክንያት ነው እርስዎን የምናቆየው?» ብሏት ነበር። ሙዋላ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ወረቀቱን አየችው፣ ግንባሯን አሸችና ገፋ አደረገችው።

«ማላቲያ ውስጥ አንድ ባለሱቅ ነበረኝ» አለች። «ለምኜ ለምኜ ትልቅ ካርቶን ሸጥኩለት። በሌላ ጊዜ ስመለስ ሱቁ በቀትር ተዘግቷል። በሦስተኛውም እንዲሁ። ለዓመታት ለጸሎት ሄዶ ነው ስል ኖርኩ። አሁን ሳስበው መኪናዬን እያየ ነበር የሚዘጋው። የጀርመን ሰዎችም ሱቃቸውን ሲዘጉብኝ ነበር። አሁን ከፍተውልኛል። ጥቂት ነው የሚገዙኝ፤ ግን ሲያዩኝ አይዘጉም።»

ሽማግሌው ሄስተርን ቁጥሩን ጠየቃት። ሄስተር ጉሮሮዋን ጠረገችና የተመላሾቹን ቁጥር አነበበች። የጉልሱሞቹን አውጥታ፣ አማቾቹን ሳይቀር ለይታ የቆጠረችው ነበር። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ።

ውጭ ደግሞ ኔቪን ሥራ አልፈታችም። በዚያ አገር ሰው ሲሾምም ሲሻርም ኬክ ይታዘዛል፤ ጥያቄው ምን ይጻፍበት ብቻ ነው። ከሥር ካለው ኬክ ቤት ትልቁን አስመጣች፤ ጽሑፉም በቸኮሌት አምሮ ወጥቷል፦ «ሙዋላ አብላ፣ መቼም አንረሳዎትም።»

ሙዋላ በሩን ከፍታ ስትወጣ ሁሉም ኬኩን ከበው ቆመው ነበር፤ የሁለት ሦስቱ ዓይን ቀልቷል።

«ወንበሬ ላይ ቆይቻለሁ» አለች። «ለአንድ ዓመት። ከዚያ እንደገና ያዩናል። ከመጋቢት በፊት ደግሞ ብራዚል እንድንገባ ይፈልጋሉ።»

ሁሉም ዓይናቸውን ወደ ኬኩ መለሱ። ሙዋላ የሚያዩትን አየች፤ መነጽሯን አድርጋ አነበበች።

«ሞቻለሁ እንዴ?»

«አብላ፣ እኛ እኮ በመስታወቱ…» አለች ኔቪን፤ ሳቅና ልቅሶ ተደባልቆባት። ቱሩል ቢላ አንሥቶ «አንረሳዎትም» የሚለውን ለመፋቅ ጎንበስ አለ፤ ቸኮሌቱ ተዝረክርኮ መሃሉን አበላሸው።

«ተው አትንካው፣ ታቆሽሸዋለህ» አለች ሙዋላ፤ ቢላውንም ተቀበለችው። «በሕይወት እያለ እንዲህ የተባለ ስንት ሰው አለ?»

ስሟ ያለበትን ቁራሽ ለራሷ ቆርጣ፣ ቆማ፣ ከሁሉም ቀድማ በላችው።